ኮሶ ጠጥቼ የሮጥኩበት ቀን

«አንዱን ጠጥቻለሁ። ሁለተኛውን አልጠጣም።»

«ጌቶች ያዘዙትን ልታማርጥ ነው?»

«ግራዝማች ያሉት አንድ ነው። እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ብያለሁ። አፍህን ክፈት።»

አቶ ሽፈራው ዋንጫውን በግራ እጁ ይዞ ወደ አፌ አስጠጋው። ቀኝ ክንዱ በቀርከሃ ስንጥር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ የግቢው ዘበኛ ፀጉሬን ጨምድዶ ጭንቅላቴን ወደ ላይ ቀለበሰው። ጥርሴን ነከስኩ። የዋንጫው ጠርዝ ከንፈሬን ሰነጠቀውና ኮሶውም ደሜም አንድ ላይ ወደ ጉሮሮዬ ወረዱ።

«ዋጥ» አለ ሽፈራው። «እንደሱ ነው። ነገ እንደ ላባ ትቀላለህ።»

ከቡና መጋዘኑ ግድግዳ ወዲያ የወንድሜ የጅግሶ ድምፅ መጣ።

«ዱካሌ፣ ምንድን ነው የሚያጠጡህ?»

«ኮሶ።»

ሳቁን ሰማሁት፤ ሳል እያቋረጠው ነው የሚስቀው፤ የመጋዘኑ የቡና ገለባ አቧራ ደረቱ ውስጥ ገብቷል።

«ለግራዝማች በቅሎስ ሰጧት?»

ሽፈራው ባዶውን ዋንጫ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዲላ ውስጥ ሐጂ ለምንላቸው ቡና ነጋዴ ዋጋ አድራሽ ነበርኩ። ጠዋት በገበያው የዕለቱ የቡና ዋጋ ሲቆረጥ እሰማና፣ ሌላው ነጋዴ ጭነት መኪና እስኪያገኝ ድረስ እኔ ወናጎ ላሉት የሐጂ ገዢዎች በእግሬ አደርሳለሁ። መኪና ጭቃ ሲይዘው እኔ በእንሰቱ መሃል አቋርጬ አልፋለሁ። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። የሐጂ ልጅ ፊደሉን አሳየችኝ፤ የቀረውን ራሴ ለቃቀምኩት። ግጥምም ከዚያው ጀመረኝ። እግሬ መሬቱን ሲመታ ቃሉ ይመጣል፤ ወናጎ ስደርስ አንድ ግጥም በአፌ ይዤ ነው የምደርሰው። በግራዝማች ድግስ ላይ ተጠርቼ ገጥሜያለሁ። እንግዶቹ ስቀዋል፣ ሥጋም ተቆርጦልኛል፣ እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አባቴ፣ በራሶ ይባላል፣ የግራዝማች ጭሰኛ ነበር። መሬቱ የአያቶቹ ነበር፤ ገመድ ተጥሎ ሲለካ የግራዝማች ሆነ። በየዓመቱ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ ገማች ይመጣል። ከዛፍ ዛፍ እየዞረ በዓይኑ ይመዝንና ከዚህ ይህን ያህል ይወጣል ይላል። የባለመሬቱ ድርሻ በዚያ ቃል ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬው ቢረግፍ የጭሰኛው ጣጣ ነው።

በዚያ ዓመት ከግምቱ በፊት በረዶ ወርዶ ፍሬውን አራግፎታል። ገማቹ ሽፈራው ነበር፤ የረገፈውንም ዛፍ ላይ እንዳለ አድርጎ ቆጠረው። አባቴ መሬት ላይ የበሰበሰውን ፍሬ በሁለት እጁ አፍሶ አሳየው። ሽፈራው እጁን መትቶ በተነበትና ፊቱን በጥፊ አጮለው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፍሬውን መልሶ ሲለቅም ሁለተኛ በእርግጫ መታው። ጅግሶ ከእንሰቱ ጀርባ ሲመነጥር ነበር። በገጀራው ጀርባ አንዴ ብቻ መታው። የሽፈራው ክንድ ከክርኑ በታች ተቆለመመ።

ግራዝማች ጅግሶን አስይዘው የቡና መጋዘናቸው ውስጥ አሰሩት። ወዲያው ለፖሊስ ያላስረከቡት የዘውድ በዓል ስለደረሰ ነው። የማራቶን ዝና አገሩን ካዳረሰ ወዲህ በበዓል ቀን ሰው ማስሮጥ ፋሽን ሆኗል። ባለመሬቶቹና ፖሊስ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሯጭ እንዲያቀርቡ ተባለ። ሩጫው ከወናጎ ወዲያ ካለው ዳገት ተነስቶ ዲላ ሜዳ ላይ ያልቃል፤ ስሙም ግማሽ ማራቶን ተባለ። ግራዝማች አስጠሩኝ።

«አንደኛ ከወጣህ ወንድምህን እፈታዋለሁ» አሉኝ። «ከሽፈራው ጋር እኔው አስታርቃለሁ። ካልወጣህ ከሜዳው ቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ክንድ መስበር ቀላል ወንጀል እንዳይመስልህ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ኮሶ ትጠጣለህ። እኔ ኮሶ በጠጣሁ ማግስት በቅሎዬ ላይ ስወጣ ልጅ ነው የምሆነው። የሚሮጥ ሰው ሆዱ መጽዳት አለበት።»

ተንኮል አልነበረበትም፤ ይህን ስጽፍ እውነቱን መናገር አለብኝ። እሳቸው ጥሬ ሥጋ በልተው ያደጉ ደገኛ ናቸው፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣሉ፤ መድኃኒት ለእሳቸው ይኸው ነው። ቆጮና ጎመን በልቶ ያደገ ሆድ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገራቸውም። ሁለተኛው ዋንጫ ግን የሽፈራው ነው። እኔ አንደኛ ብወጣ ክንዱን የሰበረው ሰው ነጻ ይወጣል።

ያን ቀን ሙሉ ከእንሰቱ ጀርባ ዋልኩ። መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለው ወጣ፤ ቀጥሎ ውሃ ወጣ፤ በመጨረሻ የሚወጣ ሳይኖር ማማጥ ብቻ ቀረ። በእጄ የእንሰቱን ግንድ አቅፌ ተቀመጥኩ። ወደ ማታ በበርበሬ የቀላ የዶሮ ወጥ አመጡልኝ፤ ከኮሶ በኋላ የሚበላው እሱ ነው ብለው። ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ መለስኩት። አባቴ ቡሉኮውን ተከናንቦ አጥሩ ሥር ውሎ ነበር፤ የቡላ አጥሚት በቅል ይዞ። ዘበኛው ቅሉን በእግሩ ደፋው።

«የሚሮጥ ሰው የእናንተን ምግብ አይበላም» አለው። «ይከብደዋል።»

አባቴ የፈሰሰውን አጥሚት አየው። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ባዶውን ቅል አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት መነሻው ላይ ቆምን። ከጎኔ የፖሊሱ ሯጭ አስር አለቃ ማሞ የሸራ ጫማውን ያስራል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ሆነሃል? አመድ መስለሃል።»

«ኮሶ ጠጥቼ ነው።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ክሩን ለቀቀው። «ጠላትህ ማን ነው?»

«ግራዝማች ናቸው ያዘዙት። እንድቀል።»

«ለመቅለሉስ ቀለሃል፤ ነፋስ እንዳይወስድህ» አለና ክሩን አጥብቆ ተነሳ። «ዝግ ብለህ ጀምር። ውሃ ካገኘህ አትለፍ።»

ጥይት ተተኮሰ። መጀመሪያ ላይ እግሬ አላሳፈረኝም። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ አውቀዋለሁ፣ ጠጠሩም ያውቀኛል። ከማሞ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሄድን። ለአፍታ ጅግሶ ተፈትቶ አባቴ ፊት ሲቆም ታየኝ፤ ጮክ ብዬ የሳቅሁ ይመስለኛል። ማሞ ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ሆዴ ተቆረጠ። እንዲህ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከእምብርቴ በታች አንድ ሰው ገጀራ አስገብቶ ያዞረው መሰለኝ። ታጠፍኩ። ወደ መንገዱ ዳር ሮጬ ሱሪዬን ሳወርድ የወጣው ደም የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ሌሎቹ ሯጮች በአጠገቤ አለፉ፤ አንዱ አፍንጫውን ያዘ።

የመጀመሪያው አለንጋ እዚያው ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ጀርባዬ ላይ አረፈ።

«ተነስ» አለ ሽፈራው። በቅሎ ላይ ነው። ልጓሙን በታሰረው ክንዱ ጣቶች ይዞ በግራ እጁ ይገርፋል። «ጌቶች ተከተለው ብለውኛል። እንዳይተኛ ብለውኛል።»

ተነስቼ ሮጥኩ። ሁለተኛው አለንጋ አንገቴን ዞሮ ጉንጬን ሰነጠቀው። በቅሎዋ ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል። ስዘገይ ይገርፈኛል፤ ስፈጥንም ይገርፈኛል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ላቤ የተገረፈው ቦታ ላይ ሲወርድ ያቃጥላል። አንዲት ሴት ከቡናው መሃል ወጥታ ውሃ በቅል ዘረጋችልኝ። አለንጋው እጇን አገኘው፤ ቅሉ መንገዱ ላይ ተሰበረ። ሴትዮዋ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች። ቆሜ ያን የፈሰሰ ውሃ አየሁት፤ ለመላስ አስቤ ነበር። አለንጋው ከዚያም አስነሳኝ።

ወናጎ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ነበር። ፖሊሶቹ በቆመጥ ሰዉን ወደ ኋላ ይመታሉ። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸው ተፈንክቶ ባንዲራ እንደያዙ ተቀምጠዋል። የሐጂ ገዢዎች አወቁኝ። «ዱካሌ፣ ዛሬ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ጀርባዬን ሲያይ ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ።

ከወናጎ እንደወጣሁ ጡሩምባ ሰማሁ። የግራዝማች ጭነት መኪና ነው። የቡና ጆንያ ጭኗል፤ ጆንያው ላይ ሁለት ዘበኞች፣ በመካከላቸው እጁ የታሰረ ጅግሶ። ሜዳው ላይ ወይ ሊፈቱት ወይ ሊያስረክቡት እያመጡት ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናው ከጎኔ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ዱካሌ፣ ቁም» አለኝ በጌዴኦኛ።

«አልቆምም።»

«ደም ነው እኮ የምትረግጠው። ከእግርህ ሥር እየው።»

«አንደኛ ከወጣሁ...»

«አንደኛውማ ዲላ ገብቶ ጠላ ይዟል። ስማ፣ እኔ ክንድ ነው የሰበርኩት፤ አንተ ለምን ትሞታለህ? ቁም አልኩህ።»

ዘበኛው በጠመንጃው ሰደፍ ጎኑን መታው። ጅግሶ ታጠፈና ሲቀና ምራቁን በመኪናው ጎን ተፋ። መኪናው አለፈ፤ አቧራው ዓይኔን ሞላው።

በዚያ አቧራ ውስጥ አለንጋው እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ እጄን ዘረጋሁና የእጄ አንጓ ላይ ተጠመጠመ። ያዝኩት። ሽፈራው ጎተተኝ፤ እኔም ጎተትኩት። በቅሎዋ ደንብራ ወደ ፊት ስትሸመጥጥ እኔ በሆዴ ወደቅሁ፤ አለንጋው ከአንጓዬ አልፈታ ብሎ መንገዱን ይዞኝ ሄደ። ጠጠሩ ከጉልበቴና ከደረቴ ቆዳውን ገፈፈው። ከዳር ቡና ይለቅሙ የነበሩ ሰዎች ሲጮሁ ሰማሁ። ከዚያ የጭቃ ጓል መብረር ጀመረ። አንዱ የበቅሎዋን ጆሮ፣ አንዱ የሽፈራውን ፊት መታው። በቅሎዋ በኋላ እግሯ ቆመች። ሽፈራው ወደቀ፤ የወደቀው በዚያው በተሰበረው ክንዱ ላይ ነው። ቀርከሃው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

ለቃሚዎቹ አነሱኝ። አንዱ ውሃ አጠጣኝ። «ተኛ» አሉኝ። አልተኛሁም። የቀረውን መንገድ ሮጥኩት ልላችሁ አልችልም። እየወደቅሁ፣ እየተነሳሁ፣ የድልድዩን ብረት እየያዝኩ ሄድኩ። ዲላ ሜዳ ስደርስ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ማሞ ዋንጫውን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።

ግራዝማች ከድንኳኑ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ምንም ሳይሉ በከዘራቸው የአንገቴን አጥንት መቱኝ። ስወድቅ ጎኔን፣ ስንፈራገጥ ታፋዬን። ሕዝቡ ቆሞ ያያል። አንድ ሰው ብቻ «ይበቃዋል ጌታዬ» ሲል ሰማሁ፤ አባቴ ነበር፤ ቡሉኮውን አውልቆ በላዬ ላይ ጣለው፤ የቀሩት ምቶች በቡሉኮው ላይ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ ስለ ሩጫው ነው የሚጠይቁኝ፤ እኔም ኮሶውን እያሳመርኩ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። እናንተ ይህን የምታነቡ ግን ሌላውንም እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። ጅግሶ ይህን ስጽፍ እስር ቤት ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ የሽፈራውን ክንድ ለምን እንደሰበረ፣ ስለ በረዶውና ስለ ረገፈው ፍሬ ተናግሯል። ጸሐፊው ይጻፈው አይጻፈው አላውቅም። አባቴ ከመሬቱ ተነቅሎ ወደ ቡሌ ደጋ ወጥቷል፤ ከዘመድ ተጠግቶ ገብስ ያርማል። እኔ አሁንም ለሐጂ ዋጋ አደርሳለሁ፤ ሲዘንብ የአንገቴ አጥንት ያመኛል።

ድግስ ላይ መግጠም ትቻለሁ። ሰው ሲጠራኝ አመመኝ እላለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ጌታን ደስ ያሰኘ ሰው የፈለገውን ያገኛል ብዬ አምን ነበር፤ ያለኝን ሁሉ በእግሬና በምላሴ ላይ አስቀምጬ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ይህን ካደረግህልኝ ያንን እሰጥሃለሁ ሲለኝ፣ ሊሰጠኝ የያዘው ነገር ከመጀመሪያው የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይህን ያስተማረኝ ሩጫው አይደለም። ከሩጫው በኋላ፣ ግራዝማች ዲላ ባለው ቤታቸው ለእንግዶቻቸው ምሳ ሲያበሉ የሆነው ነው።

እኔን ሁለት ዘበኞች ደግፈው አስገቡኝ። ጅግሶ ለፖሊስ ገና ሳይሰጡት፣ እጁ እንደታሰረ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። አባቴን ከበር መለሱት። እንግዶቹ ጠጅ ይዘዋል፤ የአውራጃው ገዥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ።

«ግራዝማች» አሉ ገዥው፣ «ሯጭህን ኮሶ አጠጥተህ ነው አሉ የላክኸው። እውነት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰካራም ነው እንጂ ጌታዬ። ራሱ ይነግርዎታል፤ ግጥምም ያውቃል። በግጥም ይነግርዎታል።»

ተነስተው መጡና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው ጠጅ ጠጅ ይላል።

«አረቄ ቤት አደርኩ በል» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንግዶቼ ይሳቁብህ። ወንድምህን አሁን፣ እዚሁ፣ በእጄ እፈታዋለሁ።»

ጅግሶን አየሁት። ለእሱ ስል ከዚህ የባሰ ነገር ችዬ ነበር፤ ይህማ ምንም አይደለም። ስንኙም ወዲያው መጣልኝ፤ እግሬ ቢሞትም ምላሴ አልሞተም።

«ትናንት አረቄ ቤት ሰምጬ አድሬ...»

ገዥው ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀመሩ።

«ዝም በል ዱካሌ» አለ ጅግሶ።

በአማርኛ ነው የተናገረው፤ ሁሉም እንዲሰማው።

«እሱ አረቄ አልጠጣም። ኮሶ ነው ያጠጡት። ሁለቴ ነው ያጠጡት፤ እኔ ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ።»

ግራዝማች ከዘራቸውን በአፉ ላይ አሳረፉት። ጅግሶ ወደ ግድግዳው ተንገዳገደ፣ ቆመ፣ ደምና ጥርስ ወለሉ ላይ ተፋ። የጠጅ ብርሌ ያነሳ ሰው ሁሉ እንዳነሳ ቀረ።

«ሊፈቱህ ነው እኮ» አልኩት በጌዴኦኛ። ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ። «አንድ ስንኝ ነው የቀረኝ።»

«አትጨርሰው።» ከንፈሩ ተከፍሎ ስለነበር ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ወደ ገዥው ዞረ። «የሽፈራውን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ጣቢያ እሄዳለሁ። ለምን እንደሰበርኩ ለዳኛ እናገራለሁ።»

«ማን ሂድ አለህ?» አሉ ግራዝማች።

«ማንም።»

በዚያ ቤት ጭሰኛ ሲወጣ እጅ ነስቶ፣ ፊቱን ወደ ጌታው እንዳደረገ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚወጣው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ወጥቷል፤ እኔም ሥጋዬን በልቼ እንዲያ ነበር የምወጣው። ጅግሶ ጀርባውን ሰጣቸው። ከመጋዘኑ የያዘው የቡና ገለባ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ነው። ዘበኞቹ ትእዛዝ ፍለጋ ግራዝማችን ያያሉ፣ ግራዝማች ገዥውን ያያሉ፣ ገዥው ወለሉ ላይ ያለውን ጥርስ ያያሉ። ጅግሶ ማንንም ሳይጠብቅ በእርጋታ ተራመደ። ገርበብ ያለውን በር በትከሻው ገፋው፣ ወጣ፤ እጁ ታስሮ ስለነበር በተረከዙ ዘጋው።